ስንት ፐርሰንት ተናገረ?

እናላችሁ... ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የአይኤልትስ ውጤቷን ይዛ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ማመልከት ፈልጋለች። ዩኒቨርሲቲው በአማካይ 6.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ6 ያላነሰ አምጪ ብሏታል። በንባብ 7.5፣ በማዳመጥ 7፣ በጽሑፍ 6.5 አገኘች። በንግግር... 5! አማካዩ ሞላ፣ አፏ ጎደለ።

“ወደቀች ማለት ነው?” አለችኝ እናቷ። በደንቡ ከሄድን አይኤልትስ ወደቀ፣ አለፈ የሚባል ነገር የለውም። ከ0 እስከ 9 ይመዝናል፤ ስንት እንደሚበቃ የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ለእኛ ቤት ግን ያው ነው፤ በሩ አልተከፈተም።

እኛ መቼም ፈተና ሲባል ፐርሰንት መቁጠር እንወዳለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውሰዱ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ሲወጣ አገር ይነጋገራል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። “ዘንድሮስ ትንሽ ተሻለ” እንባባላለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ካለፉት ውስጥ ስንቱ ነው እንግሊዝኛ ተናግሮ ያለፈው? አንድም! ፈተናው ምርጫ ነዋ። የሁለት ሰዎች ምልልስ ሲመጣ እንኳ ተማሪው የሚመልሰው በአፉ ሳይሆን በእጁ ነው። ወይ ክብ ያጠቁራል፣ ወይ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል።

ልጁ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የገባው ፕላዝማስ ትዝ ይላችኋል? ጠይቆ፣ መልሱን ሳይሰማ “ጎበዝ” የሚል መምህር! እንዲህ ዝም ብሎ ያደገ ልጅ፣ እንግሊዝኛውን ከልቡ የሚያዳምጥለት የመጀመሪያው ሰው የአይኤልትስ ፈታኝ ይሆናል። ያውም ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ። መሀል ላይ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል፤ አንድ ደቂቃ አስብ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ተናገር።

“ቃል ጠፍቶሽ ነው?” አልኳት።

“ኧረ ጋሼ፣ ቃሉስ ነበረ። የተሳሳትኩ እየመሰለኝ፣ እየተመለስኩ ሳርም ጊዜው አለቀ።” ትንሽ ዝም አለችና፣ “ቬጂቴብሏን ያስታውሳሉ?” አለችኝ።

ደነገጥኩ። ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው። ቡና ላይ ከመጽሐፏ ጮክ ብላ ስታነብልን፣ የቃሉን መጨረሻ ልክ እንደ ጠረጴዛው “ቴብል” አለችው። እኔ፣ ፈረንጅ አፍ አውቃለሁ ባዩ፣ “ደግሞ ጠረጴዛውን ከየት አመጣሽው?” አልኩ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብላ አንብባልን እንደማታውቅ ልብ ያልኩት ግን ገና አሁን ነው።

አማርኛ የሚኮላተፍ ፈረንጅ ሲገጥመን “ጎበዝ!” ብለን እናጨበጭባለን። የራሳችን ልጅ በእንግሊዝኛ ስትኮላተፍ “ሰባበረችው” እንላለን። ፈተናው እንኳ እንደኛ አይጨክንም። የንግግርን ፍሰት፣ የቃላት ሀብትን፣ ሰዋስውንና አነጋገርን እኩል ይመዝናል፤ ንግግሯ እስከገባው ድረስ፣ የሐበሻ ቃና አለሽ ብሎ አይቀንስባትም።

አሁን ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ሰዓት ይዘን እንቀመጣለን። አንድ ደቂቃ ማሰብ፣ ሁለት ደቂቃ መናገር፤ ተራ በተራ። ሕጉ አንድ ነው፤ መሳቅ ክልክል። ትናንት ተራው የእኔ ነበር። ስለ ልጅነት ጓደኛዬ ማውራት ጀምሬ፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቃል አጠረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ቀና ብዬ አየኋት።

አልሳቀችም። “ይቀጥሉ ጋሼ” አለችኝ፤ “ገና ጊዜ አለዎት።”