አስተርጓሚው ልጅ

እንግሊዝኛ ለማይሆንላት እናት አስተርጓሚ ልጅ መሆን፣ በተለይ እንደ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚኖር፣ ቀላል ሥልጣን አይደለም። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ያወራል፤ እኔ በአንዲት ዓረፍተ ነገር እጨርሰዋለሁ። እማዬ መልቲፕል ማየሎማ እንደያዛት ሲነገረን "የደም ነገር ነው፣ መድኃኒት አለው" ብዬ አለፍኩት። በመቅኒዋ ውስጥ ያሉት ፕላዝማ ሴሎች ያለ ልክ እየተባዙ አጥንቷን እንደሚቦረቡሩ፣ ኩላሊቷንም ሊጎዱ እንደሚችሉ ብቻዬን ይዤው ዞርኩ። ጀግንነት መስሎኝ።

መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም ሐኪሟ "አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ጥናት አለ፣ ብትሞክሩትስ?" አለን። እሷን ሳልጠይቅ አንፈልግም አልኩ። "ምን አለህ?" ስትለኝ፣ "ቫይታሚን ውሰጂ ነው የሚልሽ" አልኳት። አዎ፣ ቫይታሚን።

በልቤ የነበረው የተስኪጊ ታሪክ ነው፤ በአላባማ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በመንግሥት ጥናት ስም ሳይታከሙ የቆዩበት። እማዬንም ባዶ ክኒን አስውጠው የሚሸኟት መሰለኝ። ከዚያ ቅሌት በኋላ በ1974 ሕግ እንደወጣ፣ በካንሰር ጥናት ደግሞ አዲሱ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸረው ከተለመደው ሕክምና ጋር እንደሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በሽታው አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ከነጮች እጥፍ ያህል እንደሚይዝ፣ ጥናቶቹ ውስጥ ግን የሚገኙት ጥቂቶች እንደሆኑ ሳነብ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ተመልሶ እኔው ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

ከዚያማ ተገለበጥኩ። ሌሊት ሌሊት ክሊኒካል ትሪያልስ ዶት ጎቭ የተባለውን የመንግሥት መዝገብ ከፍቼ ቴክሳስና ቦስተን ያሉ ጥናቶችን አሳድድ ጀመር። የበሽታውን ስምና የሰፈራችንን ዚፕ ኮድ ማስገባት ይበቃ ነበር። እዚሁ አጠገባችን ቤተስዳ ያለው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል ሥራው ጥናት ነው፤ ለጥናቱ ሕክምና ገንዘብ አይጠይቅም። ደጁ ላይ የቀዩ መስመር ባቡር ጣቢያ አለ፤ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

አንዱ ጥናት ጋ ስደውል እማዬ ሌላ መድኃኒት ጀምራ ነበር፤ እሱን አቁማ መቆየት አለባት ተባልኩ። መጠየቅ የነበረብኝ መድኃኒቱ ሳይቀየር ነው። ሌላው ጋ ደግሞ ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ የደም ሴሏ ቁጥር አነሰ። ብዙ አፍሪካውያን ጤነኞች ሆነንም ይህ ቁጥር ዝቅ ይልብናል፤ መመዘኛው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው። ቆይቶ አንዱ ተቀበላት። ይህን ሁሉ ስሯሯጥ እማዬ የሰማችው ቀጠሮው ሲያዝ ነው።

ፈቃድ በምትሰጥበት ቀን ነርሷ እኔን በትህትና ጥግ አስቀመጠችኝ። ታማሚዋ በሚገባት ቋንቋ መስማት አለባት ብላ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። እማዬ "መሐል ላይ ብተወውስ?" አለች። በፈለገችው ጊዜ መተው እንደምትችል ተነገራት። ቀጥላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ያኔ ቫይታሚን የተባልኩት ይሄን ነው?" አለች። አስተርጓሚዋ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው። ነርሷ ግራ ገብቷት አየችኝ።

ከዚያ ስለ ፍልሰታ ጾም ጠየቀች፤ ክኒኑ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢዋጥ ችግር አለው ወይ? ነርሷ ሐኪሙን ልትጠይቅላት ጻፈችው። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።