ከአስታ እስከ ግራር

ከመንዝ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ገበያ የሚወርድ ሰው የአየሩን ጠባይ የሚያውቀው በዛፉ ነበር። አያቴ አህዮቹን እየነዱ፣ «አስታውን ጨረስን ልጄ፤ ባናህን አውልቅ» ሲሉኝ እውነትም ላብ ላብ ይለኝ ጀምሯል።

የዚያ ቁልቁለት ነገር ዛሬም አይወጣልኝም። የቁልቁለቱ አናት ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ እኛ በእግር ወርደን ያየነውን የዕፅዋት ለውጥ ሜዳ ለሜዳ የሚፈልግ ሰው ብዙ አገር ማቋረጥ ይኖርበታል። አስታ ራሱ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ባሕሩ አጠገብ ይበቅላል። ቅዝቃዜውን እነሱ ከምድር ወገብ በመራቅ ያገኙታል፣ እኛ በከፍታ።

ላይ በመንዝ የጓሳው ሣር ሜዳ ቀን በፀሐይ ይንቃቃል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። እዚያ የሚኖር ሁሉ ለዚህ የተበጀ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ሲያደራጅ ይቆይና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ አውጥቶ፣ አንዴ ብቻ አብቦ ይደርቃል። ጭላዳው ሣር ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮው ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ አድፍጦ ይጠብቃል። በጉም ጠጉረ ብዙ ነው፤ ባናችን የሚሠራው ከሱ ነው። ከጓሳው ሣር ደግሞ ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይወጣ ነበር። ገሳ የለበሰ እረኛ ዶፍ ቢወርድበት ውኃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እርጥብ ገሳ ከእሳት ዳር ሲሰቀል የሚሸተው ሽታ አሁንም በአፍንጫዬ አለ።

ወረድ ሲሉ ጉም ነው። ከቆላ የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና መንገዱን ይውጠዋል፤ እኛ እንማረርበታለን፣ የወፍ ዋሻ ደን ጽድና ዝግባ ግን ይጠጡታል፤ ጉሬዛውም በነሱ ይኖራል። ከዚያ ወይራው ይመጣል፣ ከዚያ ሾላው። መጨረሻ ላይ ውኃ እንዳይባክንበት ቅጠሉን አሳንሶ እሾሁን ያበዛው ግራር፣ ከሥሩም ግመልና ጅግራ።

አባቶች ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ አብረው ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ደግነቱ ሕዝቡ ዛሬም በሌላ መልክ ይጠብቀዋል፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ክዳኑ ግን ቆርቆሮ፣ ገሳው ፕላስቲክ ሆኗል። የአያቴ ተስፋ የነበረው የበልግ ገብስ፣ ዝናቡ እንደ ዱሮው አልታመን ስላለ፣ ብዙ ገበሬ ፈርቶታል። በየመንደሩ ዳገት ባሕር ዛፍ ስለገባም የትኛው ከፍታ ላይ እንዳሉ ከዛፉ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

መኪናው ያን ሁሉ አገር መስኮቱ እንደተዘጋ ያልፈዋል። የእህቴ ልጆች በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ሲመላለሱ አስታን ከጽድ ሳይለዩ አደጉ። በእግር እንውረደው ብዬ ለምኛቸዋለሁ፤ ለጥቅምት እሺ ብለውኛል።