አራት ሆነን ያመሰገንንበት ዓመት



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 የዋለውን የትንሣኤ በዓል ያለ ጉባኤ አሳለፍነው።

እኛ የሰቆጣ አማኞች ቀድሞም ጥቂቶች ነን። ጉባኤው ሲዘጋ «እንግዲህ ምን ቀረልን?» አልን። የቀረልን ጌታ ለሁለትና ለሦስት የገባው ተስፋ ነበር። አራት አራት እየሆንን በየቤቱ መጸለይ ጀመርን።

የእናቶቻችንን ጸሎት የሰማነው ያን ጊዜ ነው። በጉባኤ መካከል በአማርኛ መጸለይ ስለሚከብዳቸው ዝም ይሉ ነበር። በቤታቸው ግን በኽምጣና ቋንቋ፣ አባታቸውን እንደሚያዋዩ ሆነው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ በሰላም ስለ ነጋው ሌሊት አመሰገኑ። ልጆቻችንም ከሥራቸው ተቀምጠው ማመስገንን ተማሩ።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። ገበያው ሲቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛው ጦሙን አደረ፤ ለቅሶ ደርሰንም ሐዘንተኛውን ማቀፍ አልቻልንም። ይህን «መልካም ነበር» አንልም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18 የሚያስተምረን በመከራ ውስጥም ሆኖ እግዚአብሔርን ማመስገንን እንጂ መከራውን ማወደስን አይደለም።

ጉባኤው ሲከፈት እነዚያ እናቶች በቋንቋቸው ጸሎት መሩ፤ እኛም በእንባ «አሜን» አልን።

ወገኖች፣ በእናንተስ ቤት በጭንቅ ጊዜ የተገኘ፣ እስከ ዛሬ ያላመሰገናችሁበት ምን አለ? ዛሬ ስሙን ጠርታችሁ ጌታን አመስግኑበት። ተባረኩ!