ስለ አንድ የትርፍ ቀለም ማጠራቀሚያ

በምንሠራበት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍሉ ጥግ፣ አንድ ፕሪንተር ተቀምጦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከዕለታት አንድ ቀን፣ ይኸው መኪና ቀይ መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ አላትምም አለ። ወረቀት አለው፤ ቀለምም አለው፤ የተሰበረ ነገርም አይታይበትም። ሆኖም የትርፍ ቀለም መምጠጫው ዘመኑ አልቋልና ወደ ጠጋኝ ይወሰድ የሚል ማስታወቂያ አሳይቶ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፊደል እንኳ ለማውጣት እምቢ አለ። የሚታተመው የወሩ የደመወዝ ዝርዝር ስለ ነበረ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ፕሪንተሩ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የማያውቀው ሰው ሁሉ ስለ ጤንነቱ ይጠይቅ ጀመር።

አንባቢዎቻችን ይኸን ጉዳይ እንደ እኛ ሳያውቁት ኖረው እንደሆነ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። ቀለም የሚረጩት ፕሪንተሮች ቀለሙን የሚያወጡት ከሰው ጠጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው። እነዚህ ቀዳዳዎች ሥራ ሲፈቱ ቀለሙ ይደርቅባቸዋልና መኪናው በየጊዜው ራሱን ያጸዳል፤ ይኸውም በትንሽ ፓምፕ ቀለሙን ከቀዳዳዎቹ ስቦ ከሥሩ ወዳለው ስፖንጅ ያፈሰዋል። በገንዘባችን ከገዛነው ቀለም ከፊሉ ወረቀት ሳይነካ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ስፖንጁ ሞልቶ ጠረጴዛውን እንዳያበላሽ ሲሉ ሠሪዎቹ ቆጣሪ አበጅተውለታል። ይሁን እንጂ ቆጣሪው ስፖንጁን አያየውም፤ የጽዳቱን ብዛት እየደመረ ይገምታል እንጂ።

መኪናዎቻችንን የሚጠግን አንድ ወጣት ነበር። ቀን ከእኛ ጋር ይውላል፤ ማታ ይማራል፤ እኛንም በዕድሜያችን «ጋሼ» እያለ ይጠራናል። ያን ዕለት ወደ ስፖንጁ የሚወርደውን ቱቦ ነቀለና በሐኪም ቤት ለግሉኮስ በሚያገለግለው ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ ከመኪናው ጀርባ አወጣው፤ ጫፉንም በባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ከተተው። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለሰና ደመወዛችን ታተመ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠርሙሱ ሳይታይ ሞልቶ ጥቁሩ ቀለም በካፖርታችን ላይ ሲፈስ (ካፖርቱ ዛሬም እንደዚያው ነው) ልጁ ጠርሙሱ ሲሞላ ደወል የሚያስጮኽ ተንሳፋፊ ኳስ ጨመረበት።

እኛም ደስ ብሎን ሥራውን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አሳየንለት። ጭብጨባው ሲያበቃ፣ «ይኸ እኮ ፓተንት የሚወጣለት ነገር ነው!» አልን። ያን ቃል ስንናገር ስለ ፓተንት አንድ ገጽ አንብበን አናውቅም ነበር። ልጁ ግን የታላቅ ሰው ቃል መሬት አይወድቅም ብሎ አመነን፤ ለማታ ትምህርቱ ያስቀመጠውን የመንፈቅ ክፍያ ይዞ ወደ መርካቶ ወረደና ሦስት ናሙና አሠራበት። ይኸን የሰማነው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ሕጉን የከፈትነው እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው። ማንበብ የነበረብን ከጭብጨባው በፊት ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሥራው አዲስ እንዲሆን፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ እንዲሆን፣ በኢንዱስትሪም ሊሠራበት የሚችል እንዲሆን። ይኸን ላሟላ የ15 ዓመት መብት ይሰጠዋል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥም 5 ዓመት ይጨመርለታል። ስለ ሦስተኛው ነጥብ ጥርጥር አልነበረንም፤ ደመወዛችን ምስክር ነው። ጭንቀታችን በፊተኛው ላይ ነበር። አዲስ ማለት በመሥሪያ ቤታችን አዲስ፣ ወይም በአዲስ አበባ አዲስ ማለት አይደለምና፤ በዓለም በማናቸውም ስፍራ በጽሑፍ ወይም በሥራ አስቀድሞ የተገለጠ ነገር ሁሉ ይቈጠራል።

ሁለት ማታ ከልጁ ጋር ተቀምጠን የዓለምን የፓተንት መዝገብ በኮምፒዩተር ፈለግን። የትርፍ ቀለም ማጠራቀሚያ ብቻ ስንት ዓይነት ነው! ካኖን አለ፤ ኤፕሰን አለ፤ መምጠጫው፣ መያዣው፣ መሙላቱን የሚያስታውቀው ሁሉ ለየብቻው ተጽፏል። እንዲያውም ሲሞላ ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ሣጥን በገበያ ይሸጣል። ቱቦውን ወደ ውጭ አውጥቶ በጠርሙስ መቀበልም በብዙ አገር ያሉ ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ሆኖ አገኘነው። ልጁ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና፣

«ጋሼ፣ እኔ ግን ከማንም አልወሰድሁም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አልወሰደም። ነገር ግን ሕጉ «ከማን ወሰድህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከአንተ በፊት ነበረ ወይ?» ይላል እንጂ። በዚህ ረገድ የፕሪንተሩ የራሱ ታሪክ ሊያጽናናው እንደሚችል አስበን አጫወትነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን የካኖን ተመራማሪዎች የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም በያዘ መርፌ ላይ ድንገት ቢነካባቸው ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ቀለምን በሙቀት የመርጨትን ሐሳብ ያገኙት ከዚህ ነው ይባላል። በሌላው የምድር ጫፍ ደግሞ በአሜሪካ የሂውሌት ፓካርድ ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሳቸው መንገድ ወደዚያው ሐሳብ ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1984ም ቲንክጄት የተባለውን ፕሪንተር ለገበያ አወጡ። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው ስርቆት አይደለም። ልጁ በትሕትና አደመጠን፤ የተጽናና ግን አልመሰለንም። እነዚያ የኩባንያ ደመወዝ ነበራቸው፤ እርሱ ያወጣው የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ነው።

ተንሳፋፊው ኳስም ቢሆን በሁለተኛው ጥያቄ ይወድቃል። በየቤቱ ጣራ ላይ ባለው የውኃ ጋን ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ከጋን ወደ ጠርሙስ መዛወሩ የሙያውን ሰው የሚያስገርም አይደለም።

እንዲህ ተስፋ ቈርጠን ሳለን ነው ልጁ እንደ ዋዛ፣ «ኳሱማ ሥራም አልሠራ፤ ቀለሙ እየደረቀ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ቤት ያለውን በሌላ ቀይሬዋለሁ» ያለን። ነገሩን አብራራልን። ጠርሙሱን በስፕሪንግ ላይ ሰቅሎታል፤ ቀለሙ በጨመረ ቁጥር ጠርሙሱ ይከብድና ስፕሪንጉን ወደ ታች ይስበዋል፤ በተወሰነው ልክ ሲደርስ ደወሉን የሚያስጮኸው ክብደቱ ራሱ ነው። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ቀለም አይነካውም፤ ስለዚህ አይጣበቅም። ይኸን ከፈጠራ አልቈጠረውም ነበር፤ ለእርሱ ብልሽት መጠገን ነው።

ያን የመሰለ በመዝገቡ አላጋጠመንም። ሁለት ማታ የፈለገ ሰው ሁሉን አየሁ ለማለት አይችልምና መርማሪው ቢያገኝ አይደንቀንም። ሆኖም አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራ ሌላ በር ከፍቷል፤ አዲስና የሚሠራበት መሆኑን እንጂ ለፓተንት የሚፈለገውን ያህል የረቀቀ ሐሳብ አይጠይቅም። የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። እንደ ልጁ ላለ ጠጋኝ የሚስማማው ይኸኛው በር ይመስለናል።

እኛም ጥፋታችንን ለመካስ ቸኵለን፣ «እንግዲያውስ በሚመጣው ስብሰባ አዲሱን እናሳይልሃለን» አልነው።

«አይሆንም፣ ጋሼ! ማመልከቻው ሳይገባ ማንም አያየውም» ብሎ ከለከለን። አዋጁን ከእኛ ይልቅ እርሱ በሚገባ አንብቦታል።

የትምህርቱ ምዝገባ በዚያ መካከል አለፈ። ክፍያውን እንክፈልልህ ብንለው በብድር ካልሆነ አልቀበልም አለ፤ መንፈቅ ዘግይቶም ቀጠለ። ማመልከቻውን ለአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀነው በሰኔ ነው። የእኛ እርዳታ የቋንቋ ነበር፤ ቀላል መስሎን ሳለ ከሁሉ የከበደው መብት የሚጠየቅበት አንቀጽ ሆነ። «ጠርሙስ» ብለን ብንጽፍ ነገ ሌላው ሰው ጀሪካን ሰቅሎ ያልፈናል። «ማናቸውም ማጠራቀሚያ» ብንል ደግሞ ካኖንና ኤፕሰን አስቀድመው የያዙት ሁሉ ይገባበትና ጥያቄያችን በራሱ ስፋት ይወድቃል። በአንዲት ቃል አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስናረቅቅ ኖረን ቃል እንዲህ ተመዝኖ አናውቅም። በመጨረሻ «በስፕሪንግ ላይ ተሰቅሎ በያዘው ቀለም ክብደት ወደ ታች የሚሳብ መያዣ» ብለን ጻፍንና ወረቀቱን ከዚያው ከመዝገብ ክፍሉ ፕሪንተር አወጣነው። የሽሮፑ ጠርሙስ በጎኑ ነበር፤ ተንሳፋፊው ኳስ እንደ ልማዱ ተጣብቆ ስለ ነበረም፣ የመጨረሻው ገጽ እስኪወጣ ድረስ ልጁ አጠገቡ ቆሞ የቀለሙን ከፍታ በዐይኑ ይጠብቅ ነበር።