የአዳማ ነፋስ፣ የካምፓላ ምጣድ

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ተርም ለሳይንስ ትምህርት ትንሽ የነፋስ ተርባይን ሠርቶ እንዲያመጣ ታዘዘ። የውኃ ፕላስቲክ ቆርጦ ሦስት ክንፍ አወጣ፣ ከተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና ሞተር ፈታ፣ ቀይ ትንሽ አምፖል አሰረበት። ካንሳንጋ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ አቁሞት ከቁርስ እስከ ምሳ ቢጠብቅ ንቅንቅ አላለም።

«እማዬ፣ የካምፓላ ነፋስ ሰነፍ ነው» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። እዚያ በበጋ ነፋሱ የታጠበ ልብስ ከገመድ ነጥቆ ጎረቤት ግቢ ይጥላል፤ በተሰጣ በርበሬ ላይ አቧራ ይነሰንሳል። እናቴ ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ውኃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ ሆነ። የሠፈራችን ተራ ባልሆነበት ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዷን ትታ በማገዶ ትጋግር ነበር። ነፋሱ ጭሱን ዓይኗ ላይ ይመልሰዋል፤ እሳቱን ወደ አንድ ወገን ይገፋውና እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው ሊጥ ይሆናል። «ይሄ ነፋስ ለማን ይጠቅማል?» እያለች ስትማረር እሰማ ነበር።

ለማን እንደሚጠቅም አባቷ ያውቁ ነበር። አያቴ ምንጃር ጤፍ ያመርቱ ነበር። ጤፉ አውድማ ላይ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ ነፋስ ካልመጣ እህሉ ከገለባው አይለይም። ስለዚህ መንሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ነፋሱም ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በበጋው ወራት ይመጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ መብራት አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ነፋሱ ይቀንሳል፤ በጋ ላይ ወንዙ ሲጎድል ነፋሱ ይበረታል። ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ግድቡ ውኃውን ይቆጥባል፤ ነፋሱ ሲቆም የተቆጠበው ውኃ ይለቀቃል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው።

ከፈረቃው ጊዜ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ከአዳማ ወጣ ብሎ ካሉት ኮረብቶች ላይ 34 ተርባይኖች ቆሙ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተጨመሩ። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው፤ ሁሉም ሲደመር 204 ሜጋዋት ይሆናል። መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ ጣቢያ 120 ሜጋዋት ነው። እናቴ የአዳማዎቹን መጀመሪያ ስታይ «ሲዞር የሚውለው ማን ከፍሎት ነው?» አለች። በኋላ ግን ከደጃችን ተተክሎ መብራታችን ለምን እንደሚጠፋ ጠየቀችኝ። ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሠፈራችን እንደማይመጣ፣ ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ገብቶ ከግድቦቹ ኃይል ጋር እንደሚቀላቀል ነገርኳት። የሠፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሺ ተርባይን ቢተከል አያድነንም። አልተዋጠላትም።

ልጄ ደግሞ አሠራሩን ጠየቀኝ። ክንፎቹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጠመም ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ነፋሱ ሲያልፍባቸው ይዞራሉ። ዘንጉ ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ እዚያ ውስጥ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲሽከረከሩ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ነዳጅ የለም፣ ጭስ የለም፤ ከሥሩ ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራል።

የአንዱን ተርባይን ኃይል በምጣድ አሰላነው። የእኔ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ትበላለች። የአዳማ አንድ ተርባይን ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ 1500 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ከ400 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያሞቃል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስም ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ትልልቆቹ ተርባይኖች ነፋሱ በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ካልደረሰ ሥራ አይጀምሩም፤ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ደግሞ እንዳይሰበሩ ራሳቸውን ያቆማሉ።

የካምፓላ ችግር እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንኖረው ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ነፋሱ በአብዛኛው ለስለስ ባለበት አገር ነው። ብርቱው ነፋስ ያለው በጎረቤታችን በኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነው። እዚያ ነፋሱ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው ቆላ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ይፈጥናል፤ 365 ተርባይኖች ተተክለውበት 310 ሜጋዋት ያመነጫሉ። ኡጋንዳ ግን ዓባይ አላት፤ ከጂንጃ ጀምሮ ግድብ በግድብ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጎድል ካምፓላ ጨለማ ውስጥ ገብታ ነበር። ከኛ ቀድመው የመጡ ጎረቤቶች የጄኔሬተሩን ጩኸት ዛሬም ያነሱታል። ልክ የእናቴ ፈረቃ ነው።

እኔም እንደ እናቴ በእንጀራ ነው የምተዳደረው። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሦስት ባልዲ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል። እስከ ንጋት አልመጣም። ሊጡ ኮመጠጠ፣ ያዘዙኝ ሰዎች ሌላ ቤት ሄዱ፤ ከእነሱ ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም። ልጄ ያን ሌሊት ባትሪ ይዞልኝ ቆሞ ነበር። ይህን ተርባይን እንዲህ የሙጥኝ ያለው ለማርኩ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋባ፣ ሐይቁ ዳር ይዤው ሄድኩ። ቀን ላይ ምድሩ ከውኃው ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፈተ። እኛ ሐበሾች «ነፋስ ይመታናል» ብለን መስኮት የምንዘጋ ሰዎች ነን፤ ኡጋንዳውያኑ ሁልጊዜ ይገረሙብናል። ያን ቀን ዝም አልኩት።

ዓሣ ከሚሸጡት ሰዎች አጠገብ ቆሞ ተርባይኑን ወደ ውኃው አዞረው። ክንፎቹ ዞሩ፤ አምፖሏ ግን አልበራችም። ክንፎቹን ትንሽ ጠምዘዝ አደረጋቸውና እንደገና ከፍ አድርጎ ያዘው። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ብልጭ አለች። አንዲት ዓሣ ሻጭ «ዌባሌ!» ብላ አጨበጨበችለት። ለእናቴ እንድናሳያት ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩት።