ቋንጣና በረሃ

ቋንጣ ሲነሳ ለኔ ቀድሞ የሚመጣልኝ የመንገድ ስንቅ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ሥጋን ሳይበላሽ ያሻገረ ጥበብ ነውና፣ በረሃ ላይ መንገድ ስቶ አውሬ አድኖ ሥጋ የተረፈውም ሰው መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ይህንኑ ይመስለኛል።

እናቴ ቋንጣ ስታዘጋጅ ጮማውን አንድ በአንድ ለቅማ ታወጣለች፤ ስብ ቶሎ ይከረፋል። ቀዩን ሥጋ በቀጭኑ ትተለትልና በጨውና በሚጥሚጣ አሽታ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። የታጠፈ ቦታ ካየች ወዲያው ትዘረጋዋለች፤ እርጥበት የሚደበቀው፣ ብልሽትም የሚጀምረው እዚያ ነው። ዝንብ ከበዛ ከሥር ጭስ ታጨሳለች።

ግን ወዳጆቼ፣ መድረቅ ጀርሙን ይገታል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ስለዚህ በተለይ የአውሬ ሥጋ ከሆነ፣ ከመሰቀሉ በፊት ውስጡ ድረስ ይብሰል፤ ለደረቅ የበሬ ሥጋ የሚመከረው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ከ1 ሰዓት በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ ሞቶ የተገኘ እንስሳ አትንኩ። አባ ሰንጋ ገድሎት ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ስፖር ተራ ማብሰልን ሊቋቋም ይችላል፤ ቆዳውን ሲገፉም በእጅ ላይ ባለች ትንሽ ቁስል ይገባል። ርቧችሁም ቢሆን እለፉት። ውሃ ያገኘ ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ በተበከለ ሥጋ ያስመለሰውና ያስቀመጠው ግን ያንኑ ውሃ በአንድ ቀን ከሰውነቱ ያጣዋል።