የመስመር ዳኛው አይሰማንም

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ከማንበብህ አስቀድሞ ስለ ጸሐፊው ሦስት ነገር ልታውቅ ይገባል። አንደኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ደመወዜን የሚከፍለኝ ዛሬ የምነቅፈው መንግሥት ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈምና ስለ አገር ፖለቲካ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን ከዳር ቆሞ እንደሚመለከት ሰው ነው። ሦስተኛና ከሁሉ የከፋው፣ ካገር ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በነዚህ በሦስቱ ምክንያት ትዕግሥትን ከብዙ ሰው ይልቅ ተምሬአለሁ ብል እንደ ትዕቢት አይቈጠርብኝ።

የምኖረው በገርጂ ነው። ገርጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ቤት በሙከራ መልክ የተሠራባት ሰፈር ናት፤ ሹሙም ጸሐፊውም ጡረተኛውም በአንድ ደረጃ የሚወጡባትና የሚወርዱባት ናት። ከቤቴ ጥቂት ራቅ ብሎ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ አገር ኳስ የሚታይበት አንድ ሻይ ቤት አለ። በግድግዳው ላይ ሦስት ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል። «ዱቤ ክልክል ነው»፤ «ሳይጠቀሙ መቀመጥ ክልክል ነው»፤ «ፖለቲካ ማውራት በጥብቅ ክልክል ነው»። የመጀመሪያውን ሕግ የማያፈርስ ደንበኛ የለም፤ እኔ ራሴ ይህን በምጽፍበት ጊዜ የአሥራ አንድ ማኪያቶ ዕዳ አለብኝ። ሁለተኛውንም ተማሪዎች አንድ ሻይ ለአራት ተካፍለው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በመቀመጥ በየሳምንቱ ያፈርሱታል። ሦስተኛውን ግን ሁላችንም እንደ ዐቢይ ጾም እንጠብቀዋለን።

የምንጠብቀው ግን በመሰለን መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አርሰናል ያልተደሰትንበትን ጨዋታ በተጫወተበት አንድ ምሽት፣ ከደንበኞቹ አንዱ ተነሥቶ አሠልጣኙን አርሴን ዌንገርን ይነቅፍ ጀመር። ዌንገር በ1989 ዓ.ም. መባቻ ተሹመው በዚያ ጊዜ አሥራ ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። «አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ወንበር ላይ ከተቀመጠ ወንበሩን የአባቱ ርስት ያደርገዋል! ትናንት ያሸነፈ ሁሉ ዛሬም ያሸንፋል ያለው ማነው? በቃ፣ ለአዲስ ሰው ይልቀቅ!» ቢል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ግን ድንገት ጸጥታ ሆነ። የቤቱ ባለቤት እትዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዙ ዞረው ሦስተኛውን ማስታወቂያ ተመለከቱ፤ እኛም ተከትለን ተመለከትን። ተናጋሪው ላቡን ጠርጎ፣ «ስለ አርሰናል ነው እኮ» አለ። ከጥግ በኩል አንድ ሽማግሌ፣ «እኔም ያጨበጨብሁት ስለ አርሰናል ነው» ሲሉ መለሱ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ኢሕአዴግ ከአጋር ድርጅቶቹ ጋር ሆኖ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ መቀመጫ ተርፎ ነበር፤ በዚህኛው ያም አልቀረም። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ቡድን 547 ለ 0 አሸነፈ ቢባል በሻይ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ግብ አገባ?» ሳይሆን «ሌላው ቡድን ወደ ሜዳ ገብቶ ነበር ወይ?» ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ቡናም ከአርባ ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. ተከተለ። ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. ሲያነሣ ያለቀስሁት ጊዮርጊስን የሚያህል ባላጋራ ባለበት ሊግ ስለሆነ ነው። ፈረሰኞቹ ባይኖሩ ኖሮ ያ ዋንጫ ከመደርደሪያ የሚነሣ ብርጭቆ ይሆን ነበር። ባላጋራን ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ባላጋራ ማሳጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መንግሥታችን ይህን ልዩነት ከኳስ ደጋፊ ቢማር አያፍርበትም።

ከዚህም ሌላ ኳስ ያስተማረኝ ነገር አለ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈና ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር አለፍን ብለን በገርጂ ጎዳና ላይ ጨፈርን። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳያችንን መመርመር ጀመረ። ለካስ ቀደም ብሎ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች አሰልፈን ኖሯል። አንድ ፌዴሬሽን ሙሉ እስከ ሁለት መቁጠር አቃተው ማለት ነው። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ነገር ግን ይህ የውርደት ታሪክ እኔን ያስገረመኝ በሌላ በኩል ነው፤ ፌዴሬሽኑ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በአደባባይ አመነ። የውጭ ጠላት አላሳበበም፤ «አንዳንድ አፍራሽ ኀይሎች» አላለም። ቡድኑም በጳጉሜን መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ያጣነውን ቦታ መለሰ፤ ኋላ ናይጄሪያ ባታሰናክለን ኖሮ ብራዚል እንደርስ ነበር። በዕድሜዬ ስንት መሥሪያ ቤት «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰማህ ብትለኝ፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመቁጠር ከፌዴሬሽኑ የተሻለ ችሎታ አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሕግ ልምጣ። በሻይ ቤታችን የኦፍሳይድን ሕግ የማያስረዳ ሕፃን የለም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 የሚያስረዳ ግን አላገኘሁም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የንግግርንና የጋዜጣን ነጻነት «በሕግ መሠረት» ሰጠ፤ ሳንሱሩ ግን በቦታው ቆየ። የ1979ኙም የደርግ ሕገ መንግሥት እንዲሁ ሰጠ፤ ሰው ግን በራሱ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ከሁለቱም የላቀ ነው፤ ማናቸውንም ዐይነት ሳንሱር ይከለክላል፤ ገደብ ቢደረግም የሐሳቡን ይዘት ወይም ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት በማድረግ ሊሆን እንደማይገባው ይደነግጋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እንደ ጥሩ ወይን ቀምሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በ2009፣ በ2010፣ በወረርሽኙ ጊዜ በ2012፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆብናል። አንዳንዱ ምክንያት ነበረው፤ አልክድም። ሆኖም መደበኛው ሰዓት ሳያልቅ ጭማሪ ሰዓት በየጊዜው የሚታከልበትን ጨዋታ ተመልካች እስከ መጨረሻው በእምነት ሊከታተለው አይችልም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ሌላውን መንቀፍ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ብዕሬን አክብዶብኛል።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ ከመሆኑ በቀር እንከን የለበትም። አንድ ማክሰኞ ዕለት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ሊሰማ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ሪፖርቱ የባለጉዳይ አገልግሎት «መቶ በመቶ» ተከናውኗል ይላል። ቁጥሩን ከመዝገብ ላይ የደመርሁት እኔ ነበርሁ፤ እውነተኛው ድምር ከግማሽ ብዙም እንደማይበልጥ አውቃለሁ፤ ጠዋት በሻይ ሰዓት ለዚሁ ባልደረባዬ ነግሬው አብረን ሥቀናል። እርሱ እጁን አውጥቶ፣ «ክቡር ሰብሳቢ፣ መስኮቱን ከፍተን ውጭ የቆመውን ሰልፍ ብናየው ይህ ቁጥር ትክክል እንዳልሆነ እንረዳለን» አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሌላስ እንደርሱ የሚያስብ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ የጫማዬን ክር ተመለከትሁ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ፤ እኔም አጨበጨብሁ። በሳምንቱ ባልደረባዬ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ።

በዚያች ሳምንት ቅዳሜ በሻይ ቤቱ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። አርሰናል ያገባው ግብ በኦፍሳይድ ተሻረ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ፍርድ ተጓደለ፣ እውነት ተረገጠች፣ ይህ ሰው ዐይን የለውም ወይ እያልሁ ድምፄ እስኪሰልል ጮህሁ። በእውነት እልሃለሁ፣ አንባቢ ሆይ፣ እንደዚያ ቀን አንደበተ ርቱዕ ሆኜ አላውቅም። ባልደረባዬ ሻዩን ቀስ አድርጎ አማስሎ፣ «ወንድሜ፣ ያ የመስመር ዳኛ ያለው እንግሊዝ አገር ነው፤ አይሰማህም። ማክሰኞ ዕለት ግን እኔ አጠገብህ ነበርሁ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ተቀመጥሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ሳላስበው የዋልሁበት ቀን ጥቂት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን መናገር አይሆንልንም የሚል ሰው ካለ ቅዳሜ ማታ ወደ ገርጂ ይምጣ። ድፍረት ሞልቶናል፤ ማስረጃ ማቅረብ እናውቃለን፤ በሐሳብ ተለያይተን አብረን ሻይ መጠጣትም እንችላለን። የምንናገረው ግን በማይሰማን ላይ ነው። የሚሰማን ሰው ፊት ስንቆም የጫማ ክር እንመለከታለን። ነጻነትን የሚወስድብን መንግሥት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከፊሉን እኛው ራሳችን ሳንጠየቅ አስረክበናል።

ጭብጨባንም እንደ ቀላል ነገር አትየው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ የኤርትራ ልጅ ነበር። የዚያን ቀን ሕዝቡ ያጨበጨበው ከልቡ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን መፍረስ በአሥመራው ምክር ቤት ያለ ድምፅ ቆጠራ በጭብጨባ አለፈ። አንደኛው ጭብጨባ ዋንጫ አስገኘ፤ ሁለተኛው ያባባሰው ጦርነት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የስንቱን ቤት አፈረሰ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የጫማውን ክር የተመለከተ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ አልነበረም ብሎ የሚምል ማነው?

ከሰፈሬ ብዙም ሳይርቅ በኢምፔሪያል በኩል፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለ62 ሺህ ተመልካች ታስቦ ሲገነባ ያየሁት የአደይ አበባ ስታዲየም አለ። ለዓመታት ብሔራዊ ቡድናችን ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ በማጣቱ የአገሩን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ኖሯል። የራስ ሜዳ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሣሩ አይደለም፤ ወንበሩም አይደለም። ዳኛው ሕዝቡን የሚሰማበት ቦታ መሆኑ ነው። ፖለቲካችንም እንዲሁ ነው፤ አገር አለን፤ የምንሰማበት ሜዳ ግን ገና ነው።

ስለ ራሴ ጀግንነት ልነግርህ አልችልም። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ዳግመኛ «መቶ በመቶ» ሲል እጄን አወጣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የድምሩ ወረቀት እኔ ዘንድ አለ፤ ቁጥሩ ይህ አይደለም» አልሁ። ሰብሳቢው፣ «በሻይ ዕረፍት እንነጋገርበታለን» አሉ፤ እስካሁን ግን የሻይ ዕረፍቱ አልደረሰም። ባልደረባዬም ከግምጃ ቤት አልወጣም፤ እኔም ገና አልተዛወርሁም። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ በዚያን ዕለት አልተጨበጨበለትም፤ ዝም ብሎ አለፈ። በኛ መሥሪያ ቤት ይህ አንድ ለባዶ ይባላል።

ይህ መጽሔት የመንግሥት መሆኑን አልዘነጋሁም። ይህን ጽሑፍ በእጅህ ይዘህ የምታነበው ከሆነ አዘጋጁ የጫማውን ክር አልተመለከተም ማለት ነውና በእኔ ስም አመስግንልኝ። ቅዳሜ ወደ ገርጂ ብቅ ብትል ደግሞ ማኪያቶ እጋብዝሃለሁ፤ እትዬ በዱቤ ይሰጡናል።